ቀስ ብሎ የሚደርስ ደብዳቤ

መስኡዳ ከደሴ ወዲያ አገር አታውቅም። ደሴንም የምታውቃት የማተሚያ ቀለም ልትገዛ ጠዋት ሄዳ ከቀትር በኋላ ስትመለስ ነው። ሆኖም ሐይቅ ከተማ፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቋ የገባ ሰው ስለ ሀዋሳም ሆነ ስለ አዳማ ካነሳ፣ "እዚያማ ሰው አለኝ" ትለዋለች። አልዋሸችም። አርባ አንድ ሰው አላት። አንዱንም ግን በዓይኗ አይታው አታውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት መሪጌታ አስረስ የሚባሉ ሰባኪ ከውጫሌ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ተጉዘው፣ ከአምባሰል ገደል ሥር ባለች አንዲት መንደር ተቀመጡ። ቤተ ክርስቲያን የራቀባቸውን ያስተምራሉ፣ ልጆች ፊደል ያስቆጥራሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ። ወደዚያ የላካቸውና የሚደግፋቸው አንድ ማኅበር ነው፤ አባላቱ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ አዲስ አበባ፣ አዳማና ሀዋሳ ተበትነው ይኖራሉ። ማኅበሩ በየሦስት ወሩ ደብዳቤ ይጠብቃል፤ ምን ተሠራ፣ ምን ቸገረ፣ ስለ ማን እንጸልይ። መሪጌታ ደግሞ ለቅኔ እንጂ ለታይፕ አልተፈጠሩም። የእጅ ጽሑፋቸውን ፈጣሪ ያነበው ይሆናል፤ ሰው ግን አያነበውም። ስለዚህ እሳቸው በቃል ይናገራሉ፣ መስኡዳ በደብተር ትይዛለች። ኋላ በኮምፒውተር ጽፋ፣ አባዝታ፣ አርባ አንድ ፖስታ ላይ አርባ አንድ ስም ጽፋ ለሾፌሮች ትሰጣለች። ሾፌሮቹ ባሏን ሙነወርን ያውቁታል። በጅቡቲ መንገድ ጭነት ሲያመላልስ የሞተ ጓደኛቸው ነው፤ ለእሱ ሲሉ የእሷን አደራ እንደ ዕቃ አይወረውሩትም።

ሙስሊም ሴት የክርስቲያን ሰባኪ ደብዳቤ ትጽፋለች። ይህን ሰምቶ ዓይኑን የሚያፈጥ ካለ ወሎን አያውቃትም፤ እኔም ቁጭ ብዬ አላስረዳውም።

ከሱቋ በስተጀርባ ባለችው ጠባብ መስኮት፣ በሁለት የቆርቆሮ ጣሪያዎች መሐል፣ የመዳፍ ያህል ሐይቅ ይታያል። ጠዋት ጉም ሲተኛበት ውሃው የት አልቆ ሰማዩ የት እንደጀመረ አይለይም። መስኡዳ በፖስታው ላይ ስም ስትጽፍ ዓይኗ ወደዚያች መዳፍ ውሃ ይሄዳል። የጻፈችው ስም ሰው ሆኖ ከጉሙ ይወጣል። የሀዋሳው ሰውዬ ረጅም ናቸው፣ ሲራመዱ ትንሽ ያነክሳሉ። የአዲስ አበባዋ ባንክ ሠራተኛ ሳቂታ ናት፣ ሻርፗ አረንጓዴ ነው። ማን ነገራት? ማንም። ስማቸው እንደዚያ ይመስላላ! አንዳንድ ቀን አርባ አንዱም በውሃው ዳር ዙሪያውን ተቀምጠው፣ እያንዳንዱ ወረቀቱን ይዞ፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ሲያነብ ታያቸዋለች። ደንበኛ መጥቶ "መታወቂያ ኮፒ" እስኪላት ድረስ እዚያው ናት።

ደግሞ ደብዳቤው አንድ ሆኖ ቅጂው ልዩ ልዩ ነበር። የኮምቦልቻዋ ወይዘሮ ተሾመች ልጅ ለምነው ለምነው ያጡ ሴት ናቸው፤ ይህን ያህል ሕፃን ተጠመቀ የሚለው አንቀጽ ለእሳቸው በሚሄደው ቅጂ ላይ የለም። የደሴው ሽማግሌ ዓይናቸው ደክሟል፤ የእሳቸው ፊደል ባቄላ ባቄላ ያህላል። መሪጌታ እየተናገሩ ድንገት ጣታቸውን ያነሱና "ይህቺን ለተሾመች ተይላት" ይላሉ። መስኡዳ በቀይ እስክሪብቶ ከኅዳጉ ላይ "ለተሾመች አይሂድ" ብላ ታሰፍራለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልተሳሳተችም።

ባለፈው ዓመት መስከረም የማኅበሩ ጸሐፊ ሰብለወንጌል ከአዲስ አበባ መጣች። ቀልጣፋ፣ ትሑት፣ ስልኳ ከእጇ የማይወርድ ወጣት ናት። መሪጌታም ከቆላ ወጥተው ነበርና ሦስቱ በመስኡዳ ሱቅ ተቀመጡ።

"እትዬ መስኡዳ፣ ደብዳቤዎ ቆንጆ ነው" አለች ሰብለወንጌል። "ግን ሦስት ሳምንት መንገድ ላይ ይቆያል። እኛ እጅ ሲገባ ዜናው አርጅቷል።"

"ዜና እኮ እንጀራ አይደል፤ አይሻግት" አለች መስኡዳ።

ሰብለወንጌል ሳቀች፤ ግን ከሐሳቧ አልተመለሰችም። ሦስት አማራጭ ነበራት። አንዱ ያው ወረቀቱ ነው። ሁለተኛው በኢሜይል የሚላክ፣ ፎቶና አርእስት ያለው፣ መጽሔት የሚመስል ነገር ነው። ሦስተኛው የቴሌግራም ግሩፕ ነው፤ አባላቱ ሁሉ ገብተውበታል፣ በየወሩ አንድ ፎቶና ስድስት መስመር ከተለጠፈበት ይበቃል። "ዛሬ ሰው ረጅም አያነብም" አለች።

መሪጌታ ጢማቸውን ዳሰሱ። "ደብዳቤውን የምታውቀው እሷ ናት፤ እሷ ትምረጥ።"

"ካልተመቸዎትም ችግር የለም፣ እትዬ" አለች ሰብለወንጌል፣ ክፋት ሳታስብ። "አዲስ አበባ የሚሠራልን ሰው አለ። መሪጌታ በስልክ ይነግሩታል፣ እሱ ይለጥፈዋል።"

መስኡዳ ወደ መስኮቷ ዞረች። ደብዳቤው ከእጇ ከወጣ ከዚያች መዳፍ ውሃ ላይ ማን ይመጣላታል? ልጅ የላትም፤ ሙነወር ከሞተ ወዲህ ቤቷ የሚጠራው ስም ጥቂት ነው። እነዚህን አርባ አንድ ስሞች ለማያውቃቸው ሰው አሳልፋ ልትሰጥ? ወረቀቱን ልትመርጥ አሰበች፤ ግን ወረቀት ካለች አሮጊት ናት፣ አትችልም ብለው ቢተዋትስ?

"ወላሂ እችላለሁ" አለች። "ቴሌግራሙ ይሁን።"

እንግዲህ እውነቱን እንናገር፤ የመረጠችው ለደብዳቤው የሚስማማውን አይደለም። እንዳይነጥቋት የሚያደርገውን ነው።

ኅዳር ላይ መሪጌታ ለመጀመሪያው የቴሌግራም ደብዳቤ ሊነግሯት መጡ። ፊታቸው ጠቁሯል። አቶ ከበደ ሞተዋል። አቶ ከበደ የዚያች መንደር ሽማግሌ ናቸው፤ መሪጌታ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አቧራ ለብሰው ሲደርሱ "ግቡ፣ ቤት የእግዜር ነው" ብለው የተቀበሏቸው። መሪጌታ እንደ ልማዳቸው ዝርዝሩን ሁሉ ነገሯት፤ መስኡዳም አራት ገጽ ሙሉ ጻፈች። ሲጨርሱ ጣታቸውን አነሱ።

"ይህቺን ለሕይወት ተይላት።"

ሕይወት የአቶ ከበደ ልጅ ናት። አዳማ የምታስተምር፣ አባቷ የተቀበሉትን እንግዳ ልትደግፍ ማኅበሩ ውስጥ የገባች፣ ከአርባ አንዱ አንዷ። ከወለደች ገና ሦስት ሳምንቷ ነው፤ ሴት ልጅ።

"አራስ ናት፣ መርዶው አልተነገራትም" አሉ መሪጌታ። "ልጅቷ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣና በማግስቱ ሄደን እናረዳታለን፤ ሽማግሌ ተማክሯል። ባሏም ያውቃል፣ እናቷም ችላ ይዛዋለች።"

"እንዴታ! አራስ እንዴት ይረዳል!" አለች መስኡዳ። በቀይ እስክሪብቶዋም ከኅዳጉ ላይ "ለሕይወት አይሂድ" ብላ ጻፈች።

መሪጌታ ኢንተርኔት ወደሌለበት ቆላቸው ወረዱ። በማግስቱ መስኡዳ ሥራዋን ጀመረች። አራት ገጽ ወደ ስድስት መስመር ማውረድ በሬን በቅርጫት እንደ ማስገባት ሆነባት። ብትቆርጥ፣ ብትቆርጥ አያልቅም። በመጨረሻ ስድስት ሆነ። አራተኛው መስመር "የመንደሩ ሽማግሌ አቶ ከበደ ዐርፈዋል፤ ነፍስ ይማር" ይላል። ፊደል ከሚቆጥሩት ልጆች ፎቶ ጋር አስማምታ፣ መነጽሯን ወልውላ፣ ቢስሚላህ ብላ ተጫነችው።

ሄደ።

ያ ጠዋት በዕድሜዋ ካየቻቸው ጠዋቶች ሁሉ የተለየ ነበር። ሰብለወንጌል እንዳሳየቻት መልእክቱን ጫን አድርጋ ብትይዘው ያዩት ሰዎች ፎቶ በትንንሽ ክብ ብቅ አለ። ፊት! የአርባ አንዱ ፊት! አንደኛው መላጣ ነው፤ አንደኛዋ የልጅ ልጅ የታቀፈች ወፍራም ሴት። የሀዋሳው ሰውዬ አጭር ሆነው ተገኙ፤ መስኡዳ ብቻዋን ሳቀች። በመስኮቱ ጉሙ እየተነሣ ነበር፤ ያን ሁሉ ዓመት በውሃው ዳር ያስቀመጠቻቸው ሰዎች አሁን አንድ በአንድ ፊታቸውን ወደ እሷ ያዞሩ መሰላት። ቆይታ ደግማ ተጫነችው። አዲስ ክብ መጥቷል። ሰው አይደለም፤ በሴት መዳፍ ላይ ያረፈች የሕፃን እግር ናት፣ ጥፍሯ የሩዝ ፍሬ የምታህል።

"ማሻአላህ! የማን ትሆን?" አለች።

እና ቀዩ እስክሪብቶ ትዝ አላት።

ወዲያው "ለሁሉም አጥፋ" የሚለውን ተጫነች። ከሥሩ አንድ ሰው "ነፍስ ይማር" ብሎ ነበር፤ እሱንም አጠፋች። አራተኛውን መስመር አውጥታ አምስቱን እንደገና ላከች። ከዚያ ተቀመጠች። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ ለቃሚዋስ ዕድለኛ ናት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ከሁሉ የከፋው ነገሩን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ መሆኗ ነበር። ሙነወር የሞተ ጊዜ ለእሷም ሽማግሌ አልመጣላትም። አንድ የማታውቀው ሰው ከሩቅ ስልክ ደውሎ፣ "የሾፌሩ ቤተሰብ ነሽ?" አላት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር። የሚይዛት እጅ ሳይኖር፣ አጠገቧ የተቀመጠ ጎረቤት ሳይኖር፣ በቢላዋና በሽንኩርት መሐል ሰማችው። ያንን በሰው ላይ ላደርግ ነው የኖርኩት? አለች። ያቺ ሕፃን የሕይወት ልጅ ናት ወይስ የሌላ? ስሙን ሳታነብ አጥፍታዋለች፤ አሁን ማወቂያ የለም።

መሪጌታ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲመጡ አልደበቀቻቸውም።

"አንቱ መሪጌታ፣ አጥፍቻለሁ" አለች፤ ሁሉንም ነገረቻቸው።

እስክትጨርስ ሰሟት። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ለሕይወት ደወሉ፤ እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከአርባ አንዱ የአንዷን ድምፅ መስኡዳ ስትሰማ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ቀጭን፣ ትንሽ የደከመው ድምፅ ነው። ስለ ልጅቷ አወሩ፤ ጡት ትጠባለች፣ ታለቅሳለች፣ ታድጋለች።

"መሪጌታ" አለች ሕይወት፤ ትንሽ ቆየት ብላም፣ "አባዬ ደህና ነው?"

"ደህና ናቸው፣ አጨዳ ላይ ናቸው።"

"በፀሐይ ብዙ አይቁም በሉልኝ።"

መሪጌታ ስልኩን ዘግተው አማተቡ። "አልሰማችም። እግዚአብሔር ይመስገን።"

"አልሃምዱሊላህ" አለች መስኡዳ። ግን ያቺ ከ"አባዬ" በፊት የቆየችው ጥቂት ዝምታ ከጆሮዋ አልወጣችም።

በሦስተኛው ቀን ስልኳ ጮኸ። መልእክቱ ለግሩፑ ሳይሆን ለእሷ ብቻ ነበር።

"እትዬ መስኡዳ፣ ሕይወት ነኝ። ሳያጠፉት አይቼዋለሁ። ለማንም እንዳይነግሩ። ባለቤቴ ፊቴን እያየ ይጨነቃል። እናቴ በስልክ አባትሽ ማሳ ወርዷል ስትለኝ ድምጿ ይሰበራል፣ ግን ትለኛለች። ይህን ሁሉ የሚደክሙት ለእኔ ብለው ነው፤ እንዴት አድርጌ አውቄያለሁ ልበላቸው? ማልቀስም አልቻልኩም፤ ካለቀስኩ ያውቃሉ። ያየሁት አንድ መስመር ነው። እርስዎ ረጅሙን ያውቁታል። ይጻፉልኝ። በስልክ ግን አይሁን፣ ስልኬን ሰው ያነሳዋል። በወረቀት ያድርጉት። ጎረቤቴ ኢንሳፍ የሐይቅ ልጅ ናት፤ በዚህ ሳምንት እናቷን ልትጠይቅ ትመጣለች። ለእሷ ይስጡልኝ።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል መስኡዳ ብዙ ጊዜ ሰምታለች። ጆሮ ሰምቶ እንዳልሰማ ሲሆን ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው። አለቀሰች፤ ለሕይወትም ለራሷም፣ በሽንኩርቱ ቀን ላላለቀሰችውም ጭምር።

በማግስቱ ሱቁን ከፈተች፣ ኮምፒውተሩን ግን አልከፈተችም። ደብተሩን ዘርግታ በእጇ ጻፈች። ከውጭ ጉሙ ወፍራም ነበር፤ ውሃው የለም፣ ጣሪያዎቹም የሉም፣ ነጭ ብቻ። በዚያ ነጭ ውስጥ አንዲት ሴት ሕፃኗን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ መስኡዳ የምትጽፈው ለእሷ ብቻ ነው። አባቷ በመጨረሻው ቀን ከደጁ ዋንዛ ሥር አውጡኝ እንዳሉ ጻፈች። ገደሉን ሲያዩ እንደዋሉ፣ የታመመችውን ላም ስም እየጠሩ እንደጠየቁ ጻፈች። ስልክ ተደውሎ "ሕይወት ሴት ልጅ ተገላገለች" ሲሏቸው ከዚያ በፊት ለሁለት ቀን ያልሳቁት ሰውዬ እንደሳቁ ጻፈች። "እልኋን ከእናቷ ትውረስ" ብለው ነበር ለመሪጌታ፣ በጆሯቸው። "መልኳንም ከፈለገችው ትውሰድ። ይህን አፍንጫዬን ብቻ አትውረስ! አደራ፣ አጥምቋት!" ከዚያ እየሳቁ ዓይናቸውን ከደኑ፤ እንቅልፍ መስሏቸው ማንም አልቀሰቀሳቸውም። አራት ገጽ የነበረው ስድስት ሆነ። አንዲት ቃል አልቆረጠችም።

ኢንሳፍ ፖስታውን ተቀብላ በጉያዋ ሸሸገችው፤ ምን እንደሆነም አልጠየቀችም። ከሕይወት የመጣው መልስ ሁለት ቃል ነው፤ "ደርሶኛል። አለቀስኩ።"

ከዚያ በኋላ መስኡዳ ሆድ ይፍጀው አለች። ታኅሣሥ አለፈ። ሕይወት ለእናቷ በየሦስት ቀኑ እየደወለች "አባዬስ?" ትላለች አሉ፤ እናትየውም "ደህና ነው" ትላለች። ሁለቱ በየዳር ቆመው፣ አንዷ ለሌላዋ ስትል፣ የሞተውን ሰውዬ አጨዳ ላይ ያውሉታል። መስኡዳ ይህን ስታስብ አንዳንድ ቀን አቶ ከበደ በእርግጥም በዚያ ጉም ውስጥ ማጭድ ይዘው ጎንበስ ቀና የሚሉ ይመስላታል።

ጥር ላይ ልጅቷ ክርስትና ተነሣች። መሪጌታና የአቶ ከበደ ወንድም አዳማ ወረዱ፤ እንደ ደንቡ ጎረቤት ቤት አድረው ጎህ ሲቀድ ገቡ፣ መርዶውን አረዷት። ከሳምንት በኋላ መሪጌታ በመስኡዳ ሱቅ ተቀምጠው፣ በትራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው ነገሯት።

"እንዴት አለቀሰች መሰለሽ። ፊቷን ነጨች፣ ተንበረከከች። ምንም አልሰማችም ነበር።"

"አላህ ያጽናት" አለች መስኡዳ፣ ቀና ሳትል።

"ኋላ ሙሾ አወረደች። ቤቱ ሁሉ ተላቀሰ። አንዷን ይዣታለሁ።" ዓይናቸውን ጨፍነው ዝቅ ባለ ድምፅ አሉት።

"ስለ አፍንጫህ ነገር ስቀህ የተናዘዝህ፣
የልጄን ፊት ሳታይ ወዴት ነው የተጓዝህ።"

መስኡዳ የያዘችው ወረቀት ከእጇ ወደቀ። መሪጌታ ዓይናቸውን ገለጡ።

"የአፍንጫውን ነገር ከበደ በጆሮዬ ነው የነገረኝ" አሉ። "ለእናቷም አልነገርኩም፤ ለወንድሙም። በዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ ለአንዲት ሴት ብቻ ነው የነገርኩት።"

ውጭ የባጃጅ ጡሩምባ ጮኸ። መስኡዳ አንገቷን ደፋች። የመሪጌታ ጢም ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። በኋላ በትራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳቡ።

"ለሰብለወንጌል ነግሬያታለሁ" አሉ። "ፎቶውና ሰላምታው በቴሌግራሙ ይሂድ። ደብዳቤው ግን እንደ ድሮው ቀስ ብሎ ይድረስ። በይ፣ ደብተርሽን አውጪ። ያቺ ቀይ እስክሪብቶሽ አለች?"

"አለች፣ መሪጌታ" አለች መስኡዳ።